ከረቂቅ እስከ መጽሐፍ፦ በአርትዖት ደረጃዎች አፈጻጸም ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ከተማሪው እጅ ሲደርስ በሽፋኑ ላይ የሚነበበው የደራሲው ወይም የአዘጋጁ ክፍል ስም ነው። በረቂቁና በታተመው መጽሐፍ መካከል ግን ብዙ እጅ አልፎበታል፤ ወይም ሊያልፍበት ሲገባ ሳያልፍበት ቀርቷል። መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚገጥመው ጉድለት፣ ለምሳሌ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ መልስ፣ ከሥዕሉ ጋር የማይስማማ መግለጫ፣ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ስም የተሰጠው ጽንሰ ሐሳብ፣ ብዙ ጊዜ ከደራሲው ዕውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። የመጣው ረቂቁ ወደ መጽሐፍነት በሚለወጥበት ጊዜ ሊደረግለት የሚገባው ጥንቃቄ ሁሉ «እርማት» በሚል አንድ ስም ተጠቅልሎ፣ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ፣ በመጨረሻው ሳምንት እንዲፈጸም ስለሚደረግ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ልማድ ላይ ሒስ ማቅረብ ነው። በመሆኑም በቅድሚያ እርማትና አርትዖት የሚለያዩበት ነጥብ ይመረመራል፤ ቀጥሎ በአማርኛና በግዕዝ የመጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ጎልተው ከሚታዩ ሥራዎች ሁለቱ በምሳሌነት ይቀርባሉ፤ ከዚያም የአርትዖት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሠሩ፣ ቅደም ተከተላቸው ሲዛባ ምን ጉዳት እንደሚደርስና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይገለጻል።

1. እርማትና አርትዖት

«አርትዖት» የሚለው ቃል የተገኘው «አርትዐ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ትርጉሙም አቀና፣ አስተካከለ ማለት ነው። «ርቱዕ» የሚለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እርማት በበኩሉ በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለው ሙያ ነው። በብራና ዘመን ጸሐፊው የጻፈው ከእናት ቅጂው ጋር እየተነጻጸረ ይነበብ ነበር። የተሳሳተው ፊደል በስለት ይፋቃል፤ የተዘለለው ቃል በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳግ ይገባል፤ መሰረዝ ያለበትም ከላይና ከታች በጭረት ይከበባል። ይህ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍትን ጠብቆ ያቆየ በመሆኑ ሊከበር ይገባዋል።

ሆኖም የብራና አራሚ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ግልባጩ እንደ እናት ቅጂው ነውን?» የሚል ነው። እናት ቅጂው ራሱ ቀና ስለመሆኑ መጠየቅ የእርሱ ድርሻ አልነበረም። ማተሚያ ቤት ሲመጣም ይኸው አስተሳሰብ አብሮ ተሸጋገረ። አራሚው በአንድ እጁ ረቂቁን፣ በሌላው የኅትመት ናሙናውን ይዞ አንዱን ከሌላው ጋር ያመሳክራል። ረቂቁ የተሳሳተ ከሆነ ግን ስሕተቱ በታማኝነት ይታተማል። አርትዖት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ የአርታዒው የመጀመሪያ ጥያቄ «እናት ቅጂው ራሱ ቀና ነውን? ለማን ተጻፈ? ለዚያ ሰው ይገባዋልን?» የሚል ነውና። በአሠራራችን የሚታየው ዋናው ችግር የሁለተኛው ሙያ ሥራ ከመጀመሪያው ሙያ መጠበቁ ነው።

2. ሁለት ሥራዎች፣ ሁለት መንገዶች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ በካይሮ ከፈረንሳዊው የቆንስላ ሹም ከአስሊን ደ ሸርቪል ጋር በመሆን መጽሐፍ ቅዱስን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ መለሱ። ሥራው ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ። ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን እየተገናኙ እያንዳንዱን ቁጥር በዝግታ ያነቡ ነበር፤ በዐረብኛው አስቸጋሪ የሆነውንም ቃል ፈረንሳዊው ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከግሪክ እያመሳከረ ያስረዳ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው የይዘት ምርመራው ከጽሕፈቱ ጋር ጎን ለጎን የሄደ ነው። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበር። በ1820 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በዊልያም ጆዌት አማካይነት በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አቡ ሩሚ ግን ከዚያ በፊት ዐርፈው ነበር።

ጽሑፉን ለኅትመት የማዘጋጀቱ ኃላፊነት የተሰጠው ለቶማስ ፔል ፕላት ነው። ፕላት ትጉህ ሊቅ ቢሆንም አማርኛን በተናጋሪዎቹ መካከል ኖሮ የተማረ አልነበረም። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። በዚያው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ይኸው ትርጉም በዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና በኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ እንደገና መታረም አስፈለገው። ከዚህ የምንማረው ፕላትን ለመውቀስ አይደለም። አርታዒው በሚጠራጠርበት ቦታ ሁሉ ሊጠይቀው የሚችለው ተርጓሚ በሕይወት አልነበረም፤ ጮክ ብሎ ቢያነብለት «ይህስ በአፋችን እንዲህ አይባልም» የሚለው ተናጋሪም በአጠገቡ አልነበረም። ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ የሌለበት አርትዖት ምን ያህል ቢደከምበት ጎደሎ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፍተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ ነገር ግን ኅትመቱን ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ረቂቁን ተረክበው ከፍጻሜ ያደረሱትና በ1948 ዓ.ም. እንዲታተም ያበቁት የእርሳቸው ደቀ መዝሙር አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። በዚህም ደራሲው በሕይወት አልነበሩም። ሆኖም አርታዒው የደራሲውን ዓላማ፣ የሥራውን ሥርዓትና የቋንቋውን ጠባይ ከደራሲው ከራሳቸው የተማሩ ነበሩ። በመጽሐፉ ከሚታዩት ዐበይት የአደረጃጀት ውሳኔዎች አንዱ ቃላቱ በተለመደው በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ መደርደራቸው ነው። ይህ ውሳኔ ለሊቁ ምክንያት ያለው ነው፤ ለጀማሪው ተማሪ ግን ቃል ፍለጋውን ያከብድበታል። የውሳኔውን ዋጋ ለመመዘን «መጽሐፉ ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ይህም የአርትዖት የመጀመሪያው ደረጃ ጥያቄ ነው።

3. አራቱ ደረጃዎች

ሀ. የይዘትና የአደረጃጀት አርትዖት። በዚህ ደረጃ አርታዒው የፊደል ግድፈት አይለቅምም። ረቂቁን በሙሉ አንብቦ የሚመረምረው ዓላማውን፣ የሐሳቡን ቅደም ተከተል፣ የጎደለውንና የተትረፈረፈውን ነው። ለመማሪያ መጽሐፍ ይህ ማለት ከመርሐ ትምህርቱ ጋር ማመሳከር ማለት ነው። በምዕራፍ ሁለት ያለ መልመጃ በምዕራፍ አምስት የሚገኘውን መቶኛ የሚጠይቅ ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ስሌቱም እንዲሁ ነው፤ የትምህርት ዘመኑ 36 ሳምንት፣ ትምህርቱም በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ቢኖረው በጠቅላላው 144 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ረቂቁ 180 ክፍለ ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ ዐረፍተ ነገሮቹ ምንም ያህል ቢያምሩ የመጽሐፉ አንድ አምስተኛ ሳይነበብ እንደሚቀር አስቀድሞ ታውቋል።

ለ. የአቀራረብ አርትዖት። አወቃቀሩ ከተወሰነ በኋላ እያንዳንዱ አንቀጽና ዐረፍተ ነገር ይፈተሻል። «ውኃ በሙቀት አማካይነት የመለወጥ ሂደት የሚከናወንበት ሁኔታ ትነት ተብሎ ይጠራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ቢቀርብ ተማሪው ይሸመድደው ይሆናል እንጂ አይረዳውም። አርታዒው ግን ለማቅለል ሲል «ውኃ ሲፈላ ትነት ይሆናል» ብሎ ቢለውጠው ቋንቋውን አቃንቶ ሳይንሱን አጣመመ ማለት ነው፤ በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ውኃው ሳይፈላ ይደርቃልና። «ውኃ ተኖ ወደ አየር ሲገባ ይህ ትነት ይባላል፤ ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይፈጥናል» ቢባል ግን ሁለቱም ይጠበቃሉ። ስለዚህ በዚህ ደረጃ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ለደራሲው ወይም ለትምህርቱ ባለሙያ ተመልሶ መታየት አለበት። ከዚህም ጋር ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «በሬው ይበላል» የሚለው በሬው መብላቱን ወይም መበላቱን በፊደል ብቻ አይለይም። ደራሲው ያሰበውን ስለሚያውቅ አሻሚነቱ አይታየውም፤ የሚታየው ለሌላ ዐይን ነው።

ሐ. የቋንቋና የሥርዓተ ጽሕፈት እርማት። ይህ ደረጃ የፊደል አጠቃቀምን፣ ሥርዓተ ነጥብን፣ የቁጥርና የዘመን አጻጻፍን፣ የሙያ ቃላትን ወጥነት ይመለከታል። የ«ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ የ«ሰ፣ ሠ»፣ የ«አ፣ ዐ»፣ የ«ጸ፣ ፀ» ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ነው። በግዕዝ «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ነው፤ «ትምህርት»ና «ምሕረት» የሚለያዩትም በዚህ ነው። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሌብነት ግሥ ነው። ልዩነቱ መጠበቅ አለበት የሚል አለ፤ ፊደሉ ይቀነስ የሚልም አለ። የአለቃ ደስታ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በሚል ርእስ ወጣ፤ ብዙ ጸሐፊዎች ግን «አዲስ የአማርኛ» ብለው ይጽፋሉ። አርታዒው ይህን ክርክር በአንድ መጽሐፍ ሊፈታው አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። የሚጠበቅበት አንዱን መርጦ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ነው። ለዚህም ውሳኔዎቹ ሁሉ የሚሰፍሩበት የወጥነት መዝገብ ከሥራው ጋር መክፈት ይገባል።

የዘመን አቆጣጠር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1896 ይሆናል። አንድ የታሪክ መጽሐፍ በአንድ ገጽ 1888፣ በሌላው 1896 ብሎ መለያ ሳያደርግበት ቢያልፍ ለተማሪው በስምንት ዓመት የተራራቁ ሁለት ጦርነቶች ይሆኑበታል። በዚህ ውስጥ አንድም የፊደል ግድፈት የለም፤ የእያንዳንዱም ቁጥር አጻጻፍ ትክክል ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ተሳስቷል።

መ. የኅትመት ናሙና እርማት። ጽሑፉ በገጽ ከተቀናበረ በኋላ ናሙናው ከጸደቀው ረቂቅ ጋር ይመሳከራል። የብራናው አራሚ ጥያቄ በቦታው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። «ይባላል» በ«ይበላል» ቢተካ ሁለቱም እውነተኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ መሣሪያ አያገኘውም፤ በጥሞና የሚያነብ ሰው ግን ያገኘዋል። የኮምፒዩተር ጽሕፈትም አዲስ ዓይነት ግድፈት አምጥቷል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት ልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በእነዚያ የተጻፈ ሥራ ዛሬ ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ በድጋሚ ሲታተም ፊደላት ሊቀያየሩ ስለሚችሉ «አንድ ጊዜ ታርሞ የታተመ ነው» ብሎ ያለ እርማት ማለፍ አይቻልም።

4. ቅደም ተከተሉ ሲዛባ

አራቱ ደረጃዎች በቅደም ተከተል የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሊወጣ የሚገባውን ምዕራፍ ዐረፍተ ነገር ማሳመር ድካምን ማባከን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በአንደኛው ደረጃ ሊታይ የሚገባው ጉድለት በአራተኛው ሲገኝ የሚደርሰው ነው። በናሙና ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ተከታዮቹ ገጾች ይገፋሉ፤ ማውጫው ይሳሳታል፤ «ገጽ 45 ተመልከት» የሚለው ትእዛዝ ተማሪውን ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል። ባለ 16 ገጽ ጥራዝ ለሚታጠፍ ኅትመት 160 ገጽ 10 ጥራዝ ነው፤ 161ኛው ገጽ ሲመጣ ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል። ስለዚህ አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የተገኘውን ጉድለት እያወቁ ማለፍን ይመርጣሉ። ጉድለቱ ያለፈው ባለመታየቱ ሳይሆን ዘግይቶ በመታየቱ ነው።

ሁለተኛው መዛባት ደራሲውን የራሱ ሥራ አርታዒ ማድረግ ነው። ሰው በራሱ ጽሑፍ ላይ የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው። ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አርታዒው ሳይጠይቅ የደራሲውን ሐሳብ በራሱ ሐሳብ ይተካል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባበት የመቃወም መብት እንዳለው ደንግጓል። የአርታዒው ሥልጣን ጥያቄ ማንሳትና አማራጭ ማቅረብ ነው እንጂ ደራሲ መሆን አይደለም። አራተኛው ከትርጉም ጋር የተያያዘ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ አንድ ዓይነት ይዘት በልዩ ልዩ ቋንቋዎች መዘጋጀቱ ግድ ሆኗል። አንዱ ረቂቅ አርትዖቱ ሳያልቅ ለትርጉም ከተላለፈ በኋላ በአንድ ቋንቋ የሚታረመው ስሕተት በሌሎቹ ይቀራል፤ የአንድ አገር ልጆችም ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ ይማራሉ።

5. የሚነሣ ተቃውሞ

«ተማሪው መጽሐፍ የለውም፤ ጉድለት ቢኖረውም ይድረሰውና ኋላ ይታረማል» የሚል ክርክር ይቀርባል። ይህ በቀላሉ የሚጣል ሐሳብ አይደለም። መጽሐፍ በሌለበት ክፍል መምህሩ ሰሌዳ ሲሞላ፣ ተማሪው ሲገለብጥ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ከፍጹም መጽሐፍ ይልቅ በጊዜው የደረሰ መጽሐፍ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ነገር ግን ክርክሩ አንድ ስሌት ይዘነጋል። አንድ የተሳሳተ መልስ በ100,000 ቅጂ ቢታተምና እያንዳንዱ ቅጂ ለአራት ዓመት በየዓመቱ አንድ ተማሪ ቢያገለግል ስሕተቱ 400,000 ጊዜ ይነበባል። በረቂቁ ላይ ግን በአንድ የእርሳስ ጭረት ይስተካከል ነበር። «ኋላ ይታረማል» የተባለውም እርማት የሚደርሰው በሚቀጥለው እትም ነው፤ በመጀመሪያው እትም የተማረው ልጅ ግን በዚያ ክፍል ዳግመኛ አይቀመጥም። አዋቂ አንባቢ መጽሐፍ ሲሳሳት ይከራከራል፤ ልጅ ግን መምህሩና መጽሐፉ ሲለያዩ ብዙ ጊዜ የሚያምነው የታተመውን ነው። እንግዲህ ጊዜ አጥሮ አንድ ነገር መቅረት ካለበት ሊቀር የሚገባው የሽፋኑ ማማር ወይም የሥዕሉ ቀለም ነው። በብዙ ቦታ የሚቀረው ግን ከአራቱ ደረጃዎች የመጀመሪያው፣ ማለትም ወጪው አነስተኛ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ የሆነው ነው።

6. የማሻሻያ ሐሳቦች

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉት ቢፈጸሙ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ በመጽሐፍ ዝግጅት ዕቅድ ውስጥ አራቱ ደረጃዎች በየስማቸው፣ ከነጊዜያቸውና ከነበጀታቸው ይመዝገቡ። «እርማት» ተብሎ በአንድ መስመር የሚጻፍ ሥራ ሲዘገይ የትኛው ክፍል እንደተዘለለ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ መጨረሻ የጸደቀው ቅጂ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ከዚያ በኋላ ወደ ቀደመው ደረጃ የሚመልስ ለውጥ የሚደረገው በምክንያት ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከይዘት አርትዖት በኋላ ቢያንስ አንድ ምዕራፍ በጥቂት ክፍሎች፣ በከተማም በገጠርም፣ በመምህራን ይሞከር። ልጅ የት ላይ እንደሚሰናከል ከቢሮ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

አራተኛ፣ የወጥነት መዝገቡ ለየመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ክፍል መጻሕፍት በሙሉ የጋራ ይሁን። በሒሳብ መጽሐፍ አንድ ስም፣ በሳይንስ መጽሐፍ ሌላ ስም የተሰጠው መለኪያ ተማሪውን ያለ ጥፋቱ ያደናግረዋል።

አምስተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ የስሕተት መዝገብ ይከፈት። መምህሩ ያገኘውን ጉድለት ከገጽና ከመስመር ቁጥር ጋር ያስፍር፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደ አዘጋጁ ክፍል ይላክ። አዘጋጁ ክፍልም የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ለይቶ መልስ ይስጥ፤ መልስ የማያገኝ መዝገብ በሁለተኛው ዓመት ባዶ ይሆናልና።

ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው ልዩ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቁታል። ፕላት በአቡ ሩሚ ረቂቅ ላይ ሲደክም ያጣው በአጠገቡ ሆኖ «ይህ እንዲህ አይባልም» የሚለውን ሰው ነበር። የዛሬው አዘጋጅ ግን ይህን ሰው አላጣም። በየትምህርት ቤቱ፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ፣ በየዕለቱ በልጆች ፊት ቆሞ እየሞከረው ይገኛል።